ቀዳዳውን ያልደፈነው ሰው

ለአባቴ ተዝካር ሰቆጣ የሄድኩ ጊዜ ነው ነገሩ የተጀመረው። ካህናቱ ተሸኝተው፣ ዳሱ ፈርሶ፣ ዘመድ አዝማዱ ወደየቀዬው ከተበተነ በኋላ መብራት ጠፋ። የሰቆጣ መብራት ሲጠፋ እንደ አዲስ አበባው አይደለም። የጎረቤት ጄኔሬተር የለ፣ የመኪና መብራት የለ፣ ሰማዩ ራሱ ይበራል። ከወንድሜ ልጅ ጋር በር ላይ ተቀምጠን ነበር። የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ተማሪ ነው። ፍኖተ ሐሊብን ከጫፍ እስከ ጫፍ በጣቱ እየተከተለ አሳየኝና ዩኒቨርሲቲ ከገባ መማር የሚፈልገው ይህንኑ እንደሆነ ነገረኝ። እናቱ ግን አልወደደችውም። ጤና ይማር፣ ካልሆነም ሒሳብ አያያዝ ይማር ባይ ናት፤ በኮከብ እንጀራ አይጋገርም ነው ክርክሯ። እኔ ደግሞ አዲስ አበባ የምኖር፣ ተምሯል የምባል አጎት ነኝና ፍርዱን ለእኔ ተዉት።

አስቤበት እመልስልሃለሁ ብዬው መጣሁ። ወራት አለፉ። እውነቱን ለመናገር መልስ አልነበረኝም። የዋግን ኑሮ የሚያውቅ ሰው በእናቱ አይፈርድም። በ1977ቱ ድርቅ ክፉኛ ከተጎዱት አካባቢዎች አንዱ ዋግ ነው። መንግሥት በ2007 ዓ.ም. የሕፃናትን መቀንጨር ለማስቀረት ቃል ሲገባ ሰነዱን በሰቆጣ ስም የሰየመው በከንቱ አልነበረም። በ2013 እና በ2014 ዓ.ም. ደግሞ ጦርነቱ ቤታችን ድረስ መጣ። እንዲህ ባለ አገር ያደገን ልጅ ሂድና ኮከብ ቁጠር ማለት ቀላል ምክር አይደለም።

ግራ ሲገባኝ የማደርገውን አደረግሁ፤ መጻሕፍት ማገላበጥ ጀመርኩ። ከአንድ አሮጌ ወዳጄ ጋርም እንደገና ተገናኘን። ወዳጄ ስል በአካል የማውቀው እንዳይመስላችሁ፤ ከሞተ ከመቶ ሃያ ዓመት በላይ ሆኖታል። አንቷን ዳባዲ ይባላል። የታሪክ ትምህርት የቀመሱ አንባቢያን በዘመነ መሳፍንት አገራችንን ከዞሩት ፈረንጆች አንዱ መሆኑን ያውቃሉ። የግዕዝ ብራና የሚመረምሩ ምሁራን ደግሞ ፓሪስ ባለው የብራና ስብስቡ ያውቁታል። እኔን የሳበኝ ግን ሌላ ነገር ነው። ይህ ሰው ተራራ ለክቷል፣ የማግኔት መርፌ ተከታትሏል፣ የመሬትን መንቀጥቀጥ አድምጧል፣ ስለ ወባ ጽፏል፣ መዝገበ ቃላት አዘጋጅቷል፣ በመጨረሻም ኮከብ ማያ ቤት ሠርቷል። ከሁሉ በላይ ደግሞ ያልተሳካለትን ነገር አልደበቀም። ለወንድሜ ልጅ የምሰጠው መልስ እዚህ ሰው ሕይወት ውስጥ ያለ መሰለኝ። ዓመቶቹን በአውሮፓውያን አቆጣጠር የማነሳው የሰውየው ሕይወት በዚያ ስለተመዘገበ ነው፤ የእኛን ስጠቅስ ዓ.ም. እላለሁ።

ዳባዲ የተወለደው ጥር 3 ቀን 1810 ደብሊን፣ አየርላንድ ነው። አባቱ ከፈረንሳይ አብዮት የሸሸ የባስክ አገር ሰው፣ እናቱ አየርላንዳዊት ነበሩ። ቤተሰቡ ልጆቹ ገና ሳሉ ወደ ፈረንሳይ ተመለሰ። ሀብታሞች ነበሩና አንቷንና ታናሽ ወንድሙ አርኖ ለእንጀራ መሥራት አላስፈለጋቸውም። ይህን አስቀድሜ የምናገረው ነገሩ ከወንድሜ ልጅ ጋር አንድ እንዳልሆነ ስለማውቅ ነው። ይሁንና ገንዘብ ያለው ሁሉ ገንዘቡን ቴዎዶላይትና ቴርሞሜትር ለመግዛት አያወጣም።

የባስክ ሕዝብ በፈረንሳይና በስፔን ድንበር ላይ የሚኖር፣ ቋንቋው ከጎረቤቶቹ ቋንቋዎች ከአንዱም ጋር የማይዛመድ አነስተኛ ሕዝብ ነው። አንቷን በ1836 ከኦጉስቲን ሻሆ ጋር በመሆን የዚህን ቋንቋ ሰዋስው የሚመረምር መጽሐፍ አሳተመ። በዚያው ዓመት የፈረንሳይ ሳይንስ አካዳሚ የማግኔት መርፌ በቀን ውስጥ የሚያሳየውን ለውጥ እንዲያጠና ወደ ብራዚል ላከው። የተሳፈረበት መርከብ በመፈንቅለ መንግሥት ሙከራ ተይዞ የተባረረ አንድ ወጣት ልዑልም ይዞ ነበር። ሉዊ ናፖሊዮን ነው፤ ኋላ ናፖሊዮን ሦስተኛ ተብሎ የነገሠው። በባሕር ላይ ወዳጆች ሆኑ። ይህችን ወዳጅነት አስታውሱልኝ፤ ወደ ኋላ አንዲት ድንጋይ ታመጣብናለች።

በብራዚሏ ኦሊንዳ ከተማ ዳባዲ አንድ ትንሽ ነገር አስተዋለ። ግንበኞችና አናጢዎች የሚያውቁት ውሃ ልክ አለ አይደል? የመስታወት ቱቦ ውስጥ ያለች አረፋ መሐል ላይ ስትቆም ነገሩ ተስተካክሏል ይባላል። የዳባዲ መሣሪያ ውሃ ልክ ማንም ሳይነካው አረፋዋ ቦታዋን ትለውጥ ነበር። ሌላ ሰው ቢሆን መሣሪያው ተበላሽቷል ብሎ ያልፈው ነበር። እሱ ጻፈው። ከአምስት ዓመት በኋላ በ1842 ጎንደር ላይ እንደገና ተከታተለው። በ1852 ፈረንሳይ ውስጥ ሌላ መሣሪያ ሠርቶ ቀጠለ። ሠላሳ ዓመት ሙሉ ያችን አረፋ አልለቀቃትም። ይህንንም አስታውሱልኝ።

ወደ እኛ አገር የመጣው በ1838 ነው። በየካቲት ከወንድሙ ጋር ምጽዋ ወረደ። አገሪቱ በዘመነ መሳፍንት ላይ ነበረች። ደብረ ታቦር ላይ ራስ አሊ፣ በሰሜንና በትግራይ ደጃዝማች ውቤ፣ በጎጃም ደጃዝማች ጎሹ ነበሩ፤ ዋግን እንደ ወትሮው ዋግሹሞቹ ያስተዳድሩ ነበር። አርኖ ጦር የሚወድ ሰው ነበርና ከደጃዝማች ጎሹ ጋር ሆነ፤ ራስ ሚካኤል እስከ መባል ደረሰ። ኋላም በከፍተኛው ኢትዮጵያ ስላሳለፋቸው አሥራ ሁለት ዓመታት መጽሐፍ ጽፏል። አንቷን ግን ከደብተሮች ጋር ነበር የሚውለው። የአገሩን ልብስ ለብሶ በባዶ እግሩ እየሄደ ግዕዝና አማርኛ ይማር ነበር። ፈረንጅ ሁሉ በመሰለልና ወርቅ በመፈለግ በሚጠረጠርበት ዘመን በየተራራው ወጥቶ በናስ መሣሪያ አሻግሮ ማየት ራሱ ደፋር የሚያሰኝ ነው። አልፎ አልፎ መንገድ ተከለከለ፤ ደጃዝማች ውቤም ከግዛታቸው አስወጥተውታል። በጉዞው መካከል ዓይኑ ላይ ጉዳት ደርሶበት ለሕክምና ተመላልሷል። ግን አላቆመም። እስከ 1848 ቆየ።

አሠራሩን ላስረዳ፤ የዋግ ሰው በቀላሉ ይገባዋል። ከሰቆጣ በስተምዕራብ ካሉት ሸንተረሮች ጥርት ባለ የጥቅምት ጠዋት ወደ ተከዜ ብትመለከቱ ከገደሉ ማዶ የሰሜን ተራሮች እንደ ግንብ ተደርድረው ይታያሉ። ከአንዱ አምባ ላይ ሆኖ ሌላውን አምባ ማየት ለደጋ ልጅ ብርቅ አይደለም። ዳባዲ ይህን ተጠቀመበት። አንድ ከፍታ ላይ ወጥቶ በዙሪያው የሚታየውን ጫፍ ሁሉ ስም እየጠየቀ በስንት ማዕዘን ላይ እንዳለ ይመዘግባል። ከዚያ ወደ ሌላው ከፍታ ሄዶ የመጀመሪያውንና ሌሎቹን መልሶ ይለካል። ሁለት ማዕዘንና አንድ ጎን የታወቀለት ሦስት ማዕዘን ሁሉም ነገሩ ይታወቃል፤ ይህን ስምንተኛ ክፍል ተምረነዋል። ኬክሮሱን ከፀሐይና ከከዋክብት ያገኛል። ከፍታውን ደግሞ ውሃ በማፍላት ይለካል። ውሃ ከፍ ባለ ቦታ ቶሎ ይፈላል፤ ከ2,200 ሜትር በላይ በሆነችው ሰቆጣ 93 ዲግሪ ገደማ ላይ ነው የሚፈላው። እናቶቻችን ባቄላ አልበስል ሲላቸው የሚማረሩበት ነገር ለዳባዲ የከፍታ መለኪያ ነበር።

በዚህ ዓይነት ከቀይ ባሕር ዳርቻ እስከ ከፋ ድረስ በመቶዎች የሚቆጠሩ ቦታዎችን መዘገበ። በ1848 ቧሂት ተራራ ላይ ወጥቷል። ስሌቱን ለማጠናቀቅ ሮዶልፍ ራዶ የሚባል ሒሳብ አዋቂ ረድቶት የኢትዮጵያ ጂኦዴዚ የተሰኘው ትልቅ ሥራው ከ1860 እስከ 1873 ባሉት ዓመታት ታተመ። ልብ በሉ፤ ያ ሥራ በመታተም ላይ ሳለ የእኛው ዋግሹም ጎበዜ አፄ ተክለ ጊዮርጊስ ተብለው በ1868 ነግሠው፣ በ1871 ዓድዋ አጠገብ በደጃዝማች ካሳ ተሸንፈው ዙፋናቸውን አጥተዋል። እኛ ስለ ዙፋን ስንዋጋ አንድ ሰው ፓሪስ ተቀምጦ የተራሮቻችንን ማዕዘን ይደምር ነበር።

ዳባዲ ግን መልአክ አልነበረም፤ ስህተቱም ትንሽ አልነበረም። በ1843 እናርያ ደርሶ የአባ ባጊቦ እንግዳ ሆነ። ንጉሡ የከፋን ንጉሥ ልጅ ሊያገቡ ሚዜ ሲልኩ እሱም አብሮ ሄዶ ከፋን አየ። ሲመለስ የግቤን ወንዝ የነጭ ዓባይ ምንጭ ነው ብሎ አወጀ። አልነበረም። ግቤ ኦሞ ሆኖ ወደ ቱርካና ሐይቅ ነው የሚገባው፤ ይህንንም በ1896 የቦቴጎ ጉዞ አረጋገጠ። ቻርልስ ቤክ የሚባል እንግሊዛዊ ተጓዥ ደግሞ ከዚያም አልፎ ዳባዲ ከፋ ሄዶ አያውቅም፣ ፈጥሮ ነው የጻፈው ብሎ ከሰሰው። የፓሪሱ የጂኦግራፊ ማኅበር ለዳባዲ ሜዳሊያ ሲሰጥ ቤክ በቁጣ የራሱን ሜዳሊያ መለሰ። ጊዜው ሲያልፍ ዳባዲ ከፋ መሄዱ እውነት ሆኖ ተገኘ፤ ስለ ዓባይ የተናገረው ግን ውሸት ባይሆንም ስህተት ሆኖ ቀረ። ስህተትና ውሸት የተለያዩ ነገሮች መሆናቸውን ቤክ የረሳው ይመስለኛል።

በነገራችን ላይ ይህ ቤክ ለእኛ ባለውለታ ነው። በ1845 ባሳተመው የኢትዮጵያ ቋንቋዎች ጥናት ውስጥ የዋግን ኽምጣና ቃላት መዝግቧል። ከእሱ በኋላ በ1884 ኦስትሪያዊው ሊዎ ራይኒሽ ቪየና ላይ ስለዚሁ ቋንቋ ሙሉ መጽሐፍ አወጣ። ሴት አያቴ ስትቆጣ የምትናገረው፣ እኛ ልጆቿ አዲስ አበባ ስንገባ ለመርሳት የቸኮልነው ቋንቋ ቪየና ላይ ሲታተም እሷ አልተወለደችም ነበር። ዛሬ ኽምጣና በዋግ አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ይሰጣል፤ የወንድሜ ልጅ ከእኔ የተሻለ ይጽፈዋል።

ዳባዲ ራሱ ለቋንቋ የነበረው ፍቅር ከሁሉ የጠና ነበር። በ1881 የአማርኛ–ፈረንሳይኛ መዝገበ ቃላት አሳተመ። የሰበሰባቸውን 234 የግዕዝና የአማርኛ የብራና መጻሕፍት ዝርዝር በ1859 አወጣ። ከእነዚህ ውስጥ በኋላ ምሁራን መጽሐፈ ሄኖክን ለማስተያየት የተጠቀሙባቸው ቅጂዎች አሉ። ሄኖክ ደግሞ ስለ ፀሐይና ጨረቃ፣ ስለ ከዋክብት መውጫና መግቢያ የሚናገር መጽሐፍ ነው። ብራናዎቹ ዛሬ በፈረንሳይ ብሔራዊ ቤተ መጻሕፍት ይገኛሉ። መቅደላ ላይ በ1868 በጦር ከተዘረፉት ጋር አንድ አድርጎ ማየት ተገቢ አይመስለኝም፤ ዳባዲ ገዝቶና አስገልብጦ ነው የሰበሰበው። ቢሆንም የእኛ ተማሪ የአያቶቹን ሒሳብ ለማየት ቪዛ መጠየቁ ልብ ይነካል። ሁለቱም እውነት ነው፤ አንዱን ስናነሳ ሌላውን አንጣል።

አሁን ወደ ቤቱ እንግባ። ዳባዲ በ1859 አግብቶ ከ1864 ጀምሮ በባስክ ምድር፣ ሀንዳይ በምትባል የባሕር ዳር ከተማ አጠገብ ግንብ ማሠራት ጀመረ። ዛሬ ለጎብኚ ክፍት የሆነው ይህ ግንብ አባዲያ ይባላል። ከውጭ የድንጋይ አዞና ዝሆን ይታይበታል። በውስጡ ግድግዳዎቹ ላይ የኢትዮጵያ ሕይወት ተሥሏል፤ አማርኛም ተጽፏል። የምግብ ቤቱን ወንበሮች ነገር ሳነብ ለብቻዬ ስቄአለሁ። በእያንዳንዱ ወንበር ላይ አንድ አንድ የአማርኛ ፊደል ተቀርጿል። ወንበሮቹ በተራ ሲደረደሩ ፊደላቱ ተገጣጥመው በዚህ ማዕድ ዙሪያ ከሃዲ እንዳይገኝ እግዚአብሔርን የሚለምን ምኞት ይሆናሉ። የዘመነ መሳፍንትን ግብር በላ ያየ ሰው ምኞት ነው።

ያቺን ድንጋይ አልረሳኋትም። የግንቡን የመጨረሻ ድንጋይ የመርከብ ወዳጁ ናፖሊዮን ሦስተኛ እንዲያስቀምጥ ታስቦ ቦታው ክፍት ተትቶ ነበር። በ1870 ንጉሡ በጦርነት ተሸንፎ ከዙፋኑ ወረደ። ድንጋዩ ሳይገጠም ቀረ፤ ክፍት ቦታው ዛሬም አለ።

የግንቡ ልብ ግን ኮከብ ማያው ነው። ዳባዲ በኢትዮጵያ ተራራ ላይ ሲለካ አንድ ነገር ያስጨንቀው ነበር። ከሩቅ ተራራ የሚመጣ ብርሃን በአየር ውስጥ ሲያልፍ ይታጠፋል፤ ስብረት የምንለው ነው። ስለዚህ የምታየው ጫፍ ካለበት ትንሽ ከፍ ብሎ ይታይሃል፤ ልኩም ይሳሳታል። ይህን ለማጥናት በግንቡ ግድግዳዎች ላይ ከክፍል ወደ ክፍል በቀጥታ የሚያልፍ ቀዳዳ አስበሳ። ሐሳቡ ከመነጽሩ አጠገብ ሆኖ በቀዳዳው ውስጥ ላ ሩን የሚባለውን ተራራ ጫፍ ዓመቱን ሙሉ መመልከትና የብርሃኑን መታጠፍ መለካት ነበር። ግንብ ሙሉ በዚያ ስሌት ተሠራ። ተጠናቆ ዓይኑን ቀዳዳው ላይ ሲያደርግ ተራራው አልታየም።

እኔ ብሆን ምን አደርጋለሁ? ኖራ አስመጥቼ በሌሊት እደፍነዋለሁ። ዳባዲ አልደፈነውም። ይልቁንም ድንጋይ ላይ በባስክ ቋንቋ ምንም እንዳላየና ምንም እንዳልተማረ አስቀረጸ። የሳይንስ አካዳሚ አባል የሆነው በ1867 ነው፤ በ1892 ደግሞ ፕሬዚዳንት ሆኗል። እንዲህ የከበረ ሰው እንግዳ ሲመጣ ክሽፈቱን ከነጽሑፉ ያሳይ ነበር ማለት ነው።

ያቺ የውሃ ልክ አረፋም ግንቡ ውስጥ ቦታ አገኘች። ዳባዲ ከላይ እስከ ታች አሥር ሜትር ገደማ የሆነ የግንብ ጉድጓድ አሠራ። ታችኛው ጫፍ ላይ ሜርኩሪ አኖረ፤ ሜርኩሪ እንደ መስታወት ነውና ከላይ የሚላክ ብርሃን ተመልሶ ይመጣል። ቱንቢ ሁሌም ቀጥ ብሎ የሚወርድ ከሆነ የተመለሰው ብርሃን ቦታውን መልቀቅ የለበትም። ለቀቀ። ለዓመታት ተከታትሎ የባሕሩ ማዕበል ከፍና ዝቅ ማለት ሊያመጣው የሚችለውን መረመረ፤ አብዛኛውን ግን ሊያስረዳ አልቻለም፤ አለመቻሉንም ጻፈ። የቻርልስ ዳርዊን ልጅ ጆርጅ ዳርዊን በ1882 ለእንግሊዝ ሳይንቲስቶች ማኅበር ስለ መሬት ጥቃቅን እንቅስቃሴዎች ባቀረበው ዘገባ የዳባዲን ሥራ ሰፊ ቦታ ሰጠው። መሬት ጸጥ ብላ እንደማትቀመጥ ዛሬ የርዕደ መሬት መሣሪያዎች በየሰከንዱ ይነግሩናል። ነገሩን ቀድመው ከጠረጠሩት አንዱ ጎንደር ላይ ጎንበስ ብሎ አረፋ ይመለከት የነበረው ሰው ነው።

በዚያው በ1882 ዳባዲ ሁለት ነገር አደረገ። በ72 ዓመቱ ቬነስ በፀሐይ ፊት ስታልፍ ለማየት ሃይቲ ድረስ ሄደ። ለአካዳሚው ደግሞ ስለ ወባ አንድ ማስታወሻ አቀረበ። በኢትዮጵያ ቆላ ዝሆን የሚያድኑ ሰዎች በየቀኑ ራቁታቸውን በዲን ጭስ ስለሚታጠኑ ንዳድ እንደማይዛቸው ሰምቶ ነበርና ያንን አስታወሰ። በጊዜው ወባ ከረግረግ በሚነሣ መጥፎ አየር ይመጣል ይባል ነበር። ሴቷ የወባ ትንኝ እንቁላሏን ለማሳደግ ደም እንደሚያስፈልጋት፣ በሽታውም በዚያ ንክሻ እንደሚተላለፍ አልታወቀም ነበር። ሮናልድ ሮስ ሕንድ ውስጥ የወባን ተሐዋስ በትንኝ ሆድ ያገኘው በነሐሴ 1897 ነው። ዳባዲ የሞተው በዚያው ዓመት በመጋቢት 19 ቀን፤ አምስት ወር ቀደም ብሎ። የቆላ አዳኞች ጭስ ትንኝ ያባርር እንደነበር ሳያውቅ ሄደ። ግን የአዳኞቹን ነገር ባላገር ወሬ ነው ብሎ አልጣለውም፤ መዝግቦ አስተላለፈው። በአበርገሌና በዝቋላ ቆላ ተከዜን ተከትሎ ወባ ዛሬም አለና ለዋግ ሰው ይህ የሩቅ ታሪክ አይደለም።

ልጅ አልነበረውም። ግንቡንና ሀብቱን ለሳይንስ አካዳሚ አወረሰ፤ ነገር ግን በሃምሳ ዓመት ውስጥ የግማሽ ሚሊዮን ከዋክብት ዝርዝር እንዲዘጋጅ የሚል ቅድመ ሁኔታ አስቀመጠ። ኮከብ ማያው ውስጥ ካህናት ነበሩ የሚሠሩት፤ ከዋክብት የቀትር መስመርን ሲያቋርጡ ሌሊት ሌሊት እየጠበቁ ይመዘግቡ ነበር። ሥራው እስከ 1975 ቀጠለ። እሱ በግንቡ ጸሎት ቤት ሥር ተቀብሯል።

አንድ ነገር ልጨምር። ሀንዳይ ለኮከብ ማያ የሚመረጥ ቦታ አይደለም። የአትላንቲክ ዳር ነው፤ ዝናብ፣ ጉምና ደመና የበዛበት። ኮከብ ማያ ከፍ ያለ፣ ደረቅ አየር ያለው፣ ጨለማና ደመና የማይበዛበት ቦታ ይፈልጋል። ዳባዲ እንዲህ ያለውን ሰማይ አይቶት ያውቅ ነበር፤ አሥር ዓመት በታች ተኝቶበታል። ግን ግንቡን የሠራው ሰማዩ በሚያምርበት ሳይሆን አገሩ በሆነበት ነው። ሰውን ከአገሩ ጋር የሚያስረው ነገር ከስሌት በላይ ነውና አልፈርድበትም።

እኛስ? እንጦጦ ላይ በ3,200 ሜትር ከፍታ አንድ አንድ ሜትር ስፋት ያላቸው ሁለት ቴሌስኮፖች ተተክለው በ2015 ተመርቀዋል። የከተማችን መብራት እየጨመረ በሄደ ቁጥር ግን የእንጦጦ ሰማይ እየደበዘዘ ነው። ስለዚህ ተመራማሪዎቻችን ለወደፊት ትልቅ ቴሌስኮፕ የሚሆን ቦታ ፍለጋ ከዋግ ደቡብ ጎረቤት፣ ከላሊበላ አካባቢ ያሉ ከ4,000 ሜትር የሚያልፉ ተራሮችን ሲያጠኑ ቆይተዋል። ሰኔ 14 ቀን 2012 ዓ.ም. ፀሐይ ቀለበት ሆና ስትታይ ላሊበላ ከዓለም ምርጥ መመልከቻዎች አንዷ ነበረች። የቦታ ጥናት በአንድ ሌሊት አያልቅም። ደመናው ስንት ሌሊት ነው? ነፋሱስ? አየሩ ከዋክብትን ምን ያህል ያርገበግባል? ይህን ሁሉ ዓመት ከዓመት እየተቀመጡ መመዝገብ ይጠይቃል። የሚቀመጥ ሰው ይፈልጋል። ሰላምም ይፈልጋል፤ በጦርነት መሐል ተራራ ላይ የሚወጣ መነጽር የያዘ ሰው ዛሬም እንደ ዳባዲ ዘመን ይጠረጠራል።

መጨረሻ ላይ የራሴን ልናገር። ስምንተኛ ክፍል ሳለሁ መምህራችን የቤተ ክርስቲያን ግቢ ውስጥ ያለ ጽድ ቁመቱን በጥላው ለክተን እንድንመጣ አዘዙን። በትር ተክሎ የበትሩን ጥላና የዛፉን ጥላ ማወዳደር ነው። ሦስት ጊዜ ለካሁ፤ ሦስት የተለያየ ቁመት ወጣ። አፈርኩ። ሦስቱንም ፍቄ ከጓደኛዬ ገለበጥኩ፤ ሁለታችንም ሙሉ ነጥብ አገኘን። የበትሩን ጥላ ለክቼ ዛፉ ጋ እስክደርስ ፀሐይ ትሄድ እንደነበር የገባኝ ከብዙ ዓመት በኋላ ነው። ሦስቱ የተለያዩ ቁጥሮች ስህተት ብቻ አልነበሩም፤ የምድር መዞር ነበሩ። በላጲስ የፋቅሁት እሱን ነው። ያን ቀን ቁጥሮቹን ይዤ መምህሬ ጋ ብሄድ ኖሮ ምን እሆን ነበር እያልኩ አላለቅስም። ግን የዳባዲን አረፋ ባነበብኩ ቁጥር ያ ጽድ ትዝ ይለኛል።

ለወንድሜ ልጅ ደወልኩለት። በኮከብ ሀብታም እንደማይሆን ነገርኩት። እናቱ እውነቷን ነው፤ ስለ እንጀራም አስብ፣ ፊዚክስና ሒሳብ አጥብቀህ ያዝ፤ በእነሱ ማስተማርም፣ ካርታ ሥራም፣ የአየር ትንበያም ይሠራል አልኩት። ለእናቱም ነገርኳት፤ ዝም ብላ ሰማችኝና ያው አንተ ነህ የምታውቀው ብላ ፍርዱን መልሳ ለእኔ አሸከመችኝ። ስለዚህ የመጀመሪያ ዓመቱን ወጪ እኔ እንድችል ተስማምተናል።

አንድ ነገር ግን አስማልኩት። የለካው ነገር አልገጥም ሲለው እንዳይፍቀው። ደብተሩ ላይ እንዳለ ይተወው፤ ቀኑንና ሰዓቱን ይጻፍበት።